የመጨረሻው ታክሲ

ሰበታ ያደገ ልጅ ኮንሰርትን የሚለካው በታክሲ ሰዓት ነው። ጃኖ ባንድን ለመጀመሪያ ጊዜ በአካል ያየሁ ዕለት ኮንሰርቱ፣ እንደተለመደው፣ በተባለው ሰዓት አልጀመረም። ከአየር ጤና በዓለም ገና አድርጎ ወደ ሰበታ የሚሄደው የመጨረሻ ታክሲ ሲያልፍ እኔና ጓደኛዬ ገና ድምፅ ሲፈተሽ እየሰማን ነበር። አባቴን "ላይብረሪ ነኝ፣ ማታ እመጣለሁ" ብዬው ነው የወጣሁት። ስልኬ ደግሞ ባትሪ ጨርሷል።

የመጀመሪያ አልበማቸው "ኤርታሌ" በ2012 ሲወጣ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራው) የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ ዞሮ ነው የደረሰኝ። ጥብቅ የሜታል ሰው "ይሄ ሮክ እንጂ ሜታል አይደለም" ሊለኝ ይችላል። አልከራከርም። ግን የፕሮዲውሰሩን ስም እዩት፦ ቢል ላስዌል። በ1986 የሞተርሄድን "ኦርጋዝማትሮን" ፕሮዲውስ ያደረገው ይኸው ሰውዬ ነው። በ2001 የወጣው የጂጂ አልበም ላይም ፕሮዲውሰሩ እሱ ነበር። ከሞተርሄድ እስከ አዲስ አበባ ያለው ርቀት የአንድ ሰው ርቀት ነው ማለት ነው።

ሜታል የተወለደው ፋብሪካ በበዛበት ከተማ ነው። በእንግሊዟ በርሚንግሃም ቶኒ አዮሚ የሚባል የ17 ዓመት ልጅ ብረት ፋብሪካ ውስጥ፣ ያውም በመጨረሻው የሥራ ቀኑ፣ የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ማሽን ቆረጠበት። ግራኝ ስለሆነ የጊታሩን ክር የሚጫነው በእነዚያው ጣቶች ነው። አልተወውም። የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ የጣት ጫፍ ሠራ፣ ቀጫጭን ክር አሰረ፣ በኋላም ለጣቱ እንዲቀለው ክሩን አላላው። ክር ሲላላ ድምፁ ይወርዳል፣ ይከብዳል። በ1970 የመጀመሪያ አልበሙን ያወጣው ብላክ ሳባዝ የዚህ ልጅ ባንድ ነው። ጨርቃጨርቅ፣ አልኮልና ቢራ ፋብሪካ አጠገብ ላደግን ለእኛ ይህ ታሪክ ሩቅ አይደለም።

ዲስቶርሽን የሚባለውን ለእኔ ለፕሮግራመሩ የገባኝ እንዲህ ነው፦ አምፕሊፋየር ከአቅሙ በላይ ሲግናል ሲሰጠው የሞገዱ አናት ይቆረጣል፤ መጀመሪያ ያልነበሩ ድምፆችም ይፈጠራሉ። ስህተት ነበር፣ ፊቸር ሆነ። አዲስ ነገር ነው እንዳንል ደግሞ በገና አለልን። ክሩ ሥር የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራ፣ ሥራዋ ድምፁ እንዲርገበገብ ማድረግ ነው። ጥርት ያለ ድምፅ ሁልጊዜ የሚፈለግ ድምፅ እንዳልሆነ አባቶቻችን ያለ ኤሌክትሪክ ያውቁ ነበር።

ጃኖዎች ሲጀምሩ መጀመሪያ የሰማሁት በጆሮዬ አይደለም፣ በደረቴ ነው። ባሱ የሸሚዜን ቁልፍ ያንቀጠቅጠዋል። በጆሮ ማዳመጫ አምስት ዓመት የሰማሁት ጊታር በእኛው ቅኝት ሲጮህ፣ ከጎኔ የማላውቀው ሰው ትከሻዬን ይዞ ይዘላል። ስለ ታክሲው ረሳሁ። ስለ አባቴም ረሳሁ።

ሲያልቅ ነው ሁሉም ነገር የመጣብኝ። መንገዱ ጭር ብሏል። ከተዘጋ ካፌ ደጃፍ ተቀምጠን፣ ብርዱን ለመርሳት አንድ ጥያቄ እናወራ ጀመር፦ እንዲህ ያለ ባንድ ለማየት ለምን ይህን ያህል ዘመን ፈጀብን?

ከመልሱ ከፊሉ ማታው ነው። ባንድ የሚኖረው በማታ ነው። አምሀ እሸቴ በ1969 የራሱን ሸክላ ማሳተም ሲጀምር አዲስ አበባ ማታ ነበራት። በ1974 ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊም መጣ፤ ሰዓቱ እየተቀያየረ ለዓመታት ዘለቀ። አምሀ በ1975 አገር ለቆ ወጣ። ዋልያስ ባንድ በ1981 አሜሪካ ሄዶ አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ከዚያ የካሴትና የኪቦርድ ዘመን ሆነ፤ ለአንድ ሙሉ ባንድ ይከፈል የነበረውን አንድ ኪቦርድ ተካው። አብሮ ለመለማመድ፣ አብሮ ለመጮህ የሚሆን ሌሊት ሲጠፋ ከባድ ጊታር ከየት ይመጣል?

ንጋት ላይ በመጀመሪያው ታክሲ ገባሁ። አባቴ በሩ ላይ፣ ጋቢውን ለብሶ ቆሟል። አልተኛም።

"ላይብረሪው እስኪነጋ ነው እንዴ የሚሠራው?"

እውነቱን ነገርኩት። ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ደረጃው ላይ ተቀመጠ።

"እኛም ጭፈራ ቤት ከገባን እስኪነጋ አንወጣም ነበር" አለኝ። "በሩ ይቆለፍብናል። ሰዓት እላፊ ነዋ።"

"ደስ ይል ነበር?"

"ጭፈራው ደስ ይላል።" ትንሽ ዝም አለ። "እናቴ ግን እንደዚህ በር ላይ ቆማ ነበር የምታነጋው። በዚያን ጊዜ ወጥቶ የቀረ ልጅ ብዙ ነው።"

ስለ ሰዓት እላፊ ያነበብኩት ሁሉ ስለ ባንዶቹ ነበር። በር ላይ ስለቆሙት ሰዎች አስቤ አላውቅም።

አሁንም ኮንሰርት እሄዳለሁ፣ አሁንም የመጨረሻው ታክሲ ያመልጠኛል። ግን ከመውጣቴ በፊት የት እንደማድር ለአባቴ እነግረዋለሁ፤ ስልኬንም ሞልቼ ነው የምወጣው።