መርማሪው ማን ነበር?

የመርማሪ ታሪክ ከሌሎች የትርኢት ዐይነቶች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ከተበደለው ሰው ይልቅ በደሉን ፈልፍሎ የሚያወጣውን ሰው እንድንወድ ማድረጉ ነው። ሟቹ ማን እንደ ነበረ ተመልካች በሳምንቱ ይረሳዋል። የመርማሪው ካፖርት፣ አረማመዱ፣ አነጋገሩና ዝምታው ግን ለዓመታት ከአእምሮ አይጠፋም። በመሆኑም የመርማሪ ፊልም ወዳጆች ሲገናኙ የሚከራከሩት ስለ ፍትሕ አይደለም፤ ስለ ዋናው ተዋናይ ነው። ይህ በራሱ ነቀፋ አይደለም፤ ተዋናይን መውደድ ከጥንት ጀምሮ የትርኢት ሁሉ መሠረት ነውና። ነገር ግን ፍቅሩ ምን እንደሚያሳየንና ምን እንደሚሸፍንብን መመርመር ተገቢ ይሆናል።

በየካና በኮተቤ፣ በእንጦጦም ጋራ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች የሚኖሩ ዕድሜ የጠገቡ የፊልም ወዳጆች ስለ መርማሪዎች ሲያወጉ አንድ ስም ሳያነሡ አያልፉም። ስሙ ጆን ሻፍት ነው፤ የኒው ዮርኩ ጥቁር መርማሪ። ተዋናዩ ሪቻርድ ራውንድትሪ ይባላል። ያ ቆዳ ካፖርት፣ ያ ኩራት የተሞላበት እርምጃ ዛሬም በወጋቸው ውስጥ ሕያው ነው። የሻፍት ስም በኛ አገር የተለየ ትርጉም ያገኘበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ከሦስቱ ፊልሞች የመጨረሻው ታሪኩን ያደረገው በኢትዮጵያ ሲሆን፣ በውስጡም የሀገራችን መድረክ ታላቅ ተዋናይ ደበበ እሸቱ ተጫውቶበታል።

ነገሩን ከመነሻው እንመልከተው። ሻፍት መጀመሪያ የተፈጠረው በመጽሐፍ ነው፤ ደራሲው ኧርነስት ቲዲማን ልብ ወለዱን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1970 ነበር። በዓመቱ፣ ማለት በ1963 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ጎርደን ፓርክስ ወደ ፊልም ለወጠው። ፓርክስ ዲሬክተር ከመሆኑ በፊት ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ በላይፍ መጽሔት ቋሚ ሠራተኛ ሆኖ የተቀጠረ የመጀመሪያው ጥቁር ፎቶግራፍ አንሺ ሲሆን፣ የድኾችን ኑሮ በካሜራው ለዓለም ያሳየ ሰው ነው። የአይዛክ ሄይስ የመክፈቻ ዜማ በ1972 እ.ኤ.አ. የኦስካር ሽልማት አገኘ። እስከዚያ ዘመን ድረስ በአሜሪካ ፊልም ጥቁር ሰው በአብዛኛው አሽከር፣ ዘፋኝ ወይም ተጠርጣሪ ሆኖ ይታይ ነበር። አሁን ግን ጠያቂው እርሱ ሆነ፤ መልስ የሚሰጡትም ሌሎች ሆኑ። የራውንድትሪ ታላቅነት ያለው እዚህ ላይ ነው። ፈቃድ ሳይለምን ወደ ማንኛውም በር የሚገባ ሰው አድርጎ ሻፍትን በመጫወቱ፣ ከኒው ዮርክ ርቀው የሚኖሩ ሕዝቦች ሁሉ ራሳቸውን አዩበት።

ሦስተኛው ፊልም «ሻፍት በአፍሪካ» በሰኔ 1965 ዓ.ም. ወጣ። ዲሬክተሩ ጆን ጊለርሚን፣ የፊልም ጽሑፉ ደራሲ ስተርሊንግ ሲሊፋንት ነበሩ። ታሪኩ አጭር ነው፤ ሥራ ፈላጊ የአፍሪካ ወጣቶችን በተስፋ እያታለለ ወደ አውሮፓ የሚያሻግርና እንደ ባሪያ ጉልበታቸውን የሚሸጥ የወንጀለኞች ቡድን አለ። ሻፍት ራሱን ከእነዚህ ወጣቶች እንደ አንዱ አስመስሎ ከኢትዮጵያ እስከ ፓሪስ ድረስ አብሯቸው ይጓዛል። ደበበ እሸቱ ዋሳ የተባለውን ሰው ሆኖ ተጫውቷል። ፊልሙ የጊዜውን የጀብዱ ፊልም ወግ የተከተለ በመሆኑ ድብድቡ ብዙ፣ ዕርቃኑም ብዙ ነው፤ ኢትዮጵያንም እንግዳ ጌጥ አድርጎ የማየት ድክመት አለበት። የሐሳቡን መነሻ ግን ንቆ ማለፍ አይቻልም። ለእንጀራ ፍለጋ በረሃና ባሕር አቋርጦ የሚሄድ ወጣት በደላላ እጅ ወድቆ ዕቃ እንደሚሆን የተናገረው ከ50 ዓመት በፊት ነው። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ በስደተኛ ወንድሞቻችን ላይ የተፈጸመውን ግፍ የምታስታውስ አዲስ አበባ ይህን ታሪክ ተረት ነው ብላ ልታልፈው አትችልም።

ፊልሙ እንደ ቀደሙት ሁለቱ ገበያ አልቀናውም። ስለዚህ ሻፍት ከሲኒማ ወደ ቴሌቪዥን ተዛወረ። በመስከረም 29 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጥቅምት 9 ቀን 1973) የአሜሪካው ሲ ቢ ኤስ የመጀመሪያውን ክፍል አሳየ፤ ተከታታዩ 7 ክፍሎች ብቻ ሆኖ በየካቲት 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አበቃ። የሻፍት ወዳጆች ዋና ክርክር የሚነሣውም ስለዚህ ተከታታይ ነው። ተዋናዩ ያው ራውንድትሪ፣ ዜማውም ያው ነበር፤ ነገር ግን ለቴሌቪዥን እንዲስማማ ተብሎ ቋንቋው ተገርቷል፣ ቁጣው በርዷል፤ ቀድሞ ከፖሊስ ጋር ዐይንና ናጫ የነበረው ሰው የፖሊስ ወዳጅ ሆኗል። ግማሾቹ ራውንድትሪ ባለበት ሁሉ ሻፍት አለ ይላሉ። ግማሾቹ ደግሞ የማይጠይቅ መርማሪ ካፖርቱ ብቻ ነው የቀረው ሲሉ ይመልሳሉ። እኔ ከሁለተኞቹ ጋር ነኝ። መርማሪን መርማሪ የሚያደርገው መልኩ ሳይሆን ጥያቄው ነው፤ ኃያላን እንዲጠየቅ የማይፈልጉትን መጠየቁ።

ይህን ፍርድ ወደ ራሳችን ታሪክ ስናመጣው ግን ክርክሩ ከጨዋታነት ይወጣል። ምክንያቱም ሻፍት በልብ ወለድ ኢትዮጵያ ውስጥ የልብ ወለድ ወንጀል ሲያሳድድ በነበረበት በዚያው ዓመት፣ በእውነተኛይቱ ኢትዮጵያ ውስጥ እውነተኛ ምስጢር ተቀብሮ ነበር።

ከየካ ተነሥቶ የእንጦጦን ግርጌ እየተከተለ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው ስድስት ኪሎ ይደርሳል። ቀድሞ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረው ግቢ በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲው ተሰጥቶ ነበር። በ1965 ዓ.ም. የዚሁ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወደ ወሎ ሄደው በረሃብ የሚያልቀውን ሕዝብ በዐይናቸው አዩ፤ ፎቶግራፍ አንሥተውም ተመለሱ፤ ፎቶግራፎቹም በግቢው ውስጥ ለእይታ ቀረቡ። ካፖርት የለበሰ ጀግና አልነበረም፤ ዜማ አልነበረም፤ ድብድብ አልነበረም። የነበረው ማስረጃ ነው። በመርማሪ ታሪክ ሕግ ብንሄድ የመጀመሪያዎቹ መርማሪዎች እነዚህ መምህራንና ምስሎቹን አይተው የጮኹት ተማሪዎች ናቸው። ጥያቄው ተጠይቋል፤ መንግሥት ግን መልስ ከመስጠት ይልቅ ነገሩን ማድበስበስ መረጠ።

ሁለተኛው መርማሪ ከውጭ መጣ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ከካሜራ ጓዶቹ ጋር ወደ ወሎ ዘልቆ ያዘጋጀው «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለ ፊልም በጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ታየ። አንባቢ ቀኑን ልብ ይበል፤ በአሜሪካ ቴሌቪዥን የመጀመሪያው የሻፍት ክፍል ከታየ 9 ቀን ብቻ ነበር ያለፈው። በአንድ ወር ውስጥ አንደኛው ዓለም የተገራውን መርማሪ ሲመለከት ሌላው ዓለም ያልተገራውን እውነት ተመለከተ። በረሃቡ ያለቀው ሕዝብ ቁጥር ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይገመታል። የግምቱ ስፋት ራሱ ምስክር ነው፤ የሞተውን የሚቆጥር አልነበረምና።

ከዚያ በኋላ የተከተለው ይታወቃል። የሻፍት የመጨረሻው የቴሌቪዥን ክፍል ከመታየቱ አንድ ቀን በፊት፣ በየካቲት 11 ቀን 1966 ዓ.ም.፣ የአዲስ አበባ መምህራንና የታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ። የአብዮቱ ማዕበል ተነሣ። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ በዘመን መለወጫ ምሽት፣ በ1957 ዓ.ም. በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥራውን የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የዲምብልቢን ፊልም አሳየ፤ በረሃብተኞቹም ምስል መካከል የቤተ መንግሥቱ ግብዣ ምስል እየገባ ቀረበ። በከተማይቱ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ነበር፤ ወሬው ግን መሣሪያ አላስፈለገውም። በማግሥቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ፤ በቮልስዋገንም ተወሰዱ።

የመርማሪ ታሪክ ቢሆን ኖሮ መጋረጃው እዚህ ላይ ይዘጋ ነበር። ምስጢሩ ተገልጧል፤ ተጠያቂው ታውቋል፤ ተመልካች ወደ ቤቱ ይሄዳል። ታሪክ ግን መጋረጃ የለውም። በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመውና ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የመሩት መርማሪ ኮሚሽን የባለሥልጣኖቹን ጥፋት በሥርዐት እየመረመረ ነበር። ጠያቂ ነበረ፤ ተጠያቂ ነበረ፤ ቃል ይመዘገብ ነበር። ኮሚሽኑ ሥራውን ሳይፈጽም ግን በኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ሁለቱን የቀድሞ ጠቅላይ ሚኒስትሮች አክሊሉ ሀብተ ወልድንና እንዳልካቸው መኰንንን ጨምሮ 60 ያህል ሰዎች ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ያ ሌሊት የገደለው ሰዎቹን ብቻ አይደለም፤ ምርመራውንም ገደለው። ማን ምን ያውቅ ነበር? መቼ ዐወቀ? ስለ ምን ዝም አለ? ወሎ እነዚህን ጥያቄዎች በፍርድ አደባባይ ሲመለሱ የመስማት መብት ነበረው። ጥይት ግን ጠያቂንም መላሽንም እኩል ዝም ያሰኛል።

የዚህም ዕዳ ሳይውል ሳያድር ተከፈለ። በመስከረም 1977 ዓ.ም. አብዮቱ 10ኛ ዓመቱን ሲያከብር የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በቀለም ማሠራጨት ጀመረ። ሰልፉ፣ ሰንደቅ ዓላማው፣ አበባው በቀለም ታየ። በዚያው ወቅት በሰሜን ኢትዮጵያ ከቀድሞው የከፋ ረሃብ ሕዝቡን እየፈጀ ነበር። ዓለም ያወቀው በጥቅምት፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ኬንያዊው የካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ከኮረም ባስተላለፉት ዜና ነው። ከ10 ዓመት በፊት የተደበቀውን ረሃብ ያጋለጠው ያው ቴሌቪዥን አሁን ረሃቡን የሚሸፍን መጋረጃ ሆኖ ተገኘ። መሣሪያው አልተለወጠም፤ እንዲያውም ተሻሽሏል። የጎደለው ጥያቄው ነው። ሻፍት በቴሌቪዥን ሲገራ የደረሰበት ሁሉ፣ እጅግ በከፋ መልክ፣ በአገር ላይ ደረሰ።

እንግዲህ ወደ ፊልም ወዳጆቹ ክርክር እንመለስ። ሪቻርድ ራውንድትሪ በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በ81 ዓመቱ ዐርፏል፤ የሠራውም ሥራ ክብር ይገባዋል። እኔ ግን «ሻፍት በአፍሪካ»ን ባየሁ ቁጥር ዐይኔ የሚያርፈው በደበበ ላይ ነው። የአገሩን ሰው ችግር ለመመርመር ከኒው ዮርክ መርማሪ ሲመጣ፣ የአገሩ ተዋናይ ከጎን ቆሞ ይታያል። የቋንቋው ባለቤት እርሱ ነው፤ የመሬቱ ልጅ እርሱ ነው፤ ጥያቄው ግን የእንግዳው ነው። ይህ የደበበ ጉድለት አይደለም። እንዲያውም በአነስተኛ ድርሻ ውስጥ የራሱን ግርማ ይዞ መቆሙ የችሎታው ምስክር ነው። ጉድለቱ ታሪኩን በጻፉት ዘንድ ነው፤ ዋሳ መርማሪ ሊሆን እንደሚችል አላሰቡምና።

በዚያው ዓመት ግን በስድስት ኪሎ ግቢ ዋሳዎች መርማሪ ሆነው ነበር። ካሜራ ይዘው ወደ ወሎ የወረዱት፣ ያዩትንም ይዘው የተመለሱት የአገሩ ሰዎች ናቸው። ዓለም የሰማው የእንግሊዙን ካሜራ ሆነ እንጂ ጥያቄው ቀድሞ በአማርኛ ተጠይቆ ነበር። ይህን የሚተርክ ተውኔትና ፊልም ለኛ ለጸሐፊዎቹ የተተወ ሥራ ነው። ዋና ተዋናዩ ቆዳ ካፖርት ላይለብስ ይችላል፤ ምናልባት በእጁ ያለው የፎቶግራፍ ፖስታ ብቻ ይሆናል። በመጨረሻው ትዕይንትም ጭብጨባ የሚገባው ወንጀለኛው ሲወድቅ አይደለም። የተጠየቀው ጥያቄ እስከ መጨረሻው እንዲጠየቅ፣ መልሱም በአደባባይ እንዲሰማ ሲፈቀድ ነው።