የአራዳ ኳስና የአንጋፋ አሠልጣኝ ሹመት

በ1928 ዓ.ም. በአራዳ የተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ እግር ኳስ ክለብ ተጫዋች ብቻ ሳይሆን አሠልጣኝም ያፈራ ቤት ነው። ከክለቡ ቀደምት ተጫዋቾች አንዱ የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ብሔራዊ ቡድኑን ሲያሠለጥኑ፣ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ግብፅ 4 ለ 2 ተረታች፤ የአፍሪካ ዋንጫም በኢትዮጵያ እጅ ገባ። በዚያ ግጥሚያ አራተኛዋን ግብ ያስቆጠሩት የክለቡ ልጅ አቶ መንግሥቱ ወርቁ በተራቸው አሠልጣኝ ሆነው በ1974 ዓ.ም. ቡድኑን ለሊቢያው ውድድር አበቁ።

ከዚያ ወዲህ በሩ ለረጅም ዘመን ተዘጋ። በ2004 ዓ.ም. ቤልጂጋዊው ቶም ሴንትፊት ሲለቁ፣ ፌዴሬሽኑ ፊቱን ወደ አንጋፋው አቶ ሰውነት ቢሻው መለሰ። በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 የተሸነፈው ቡድን ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 በመሆኑ፣ ከሜዳ ውጭ የተቆጠሩት ሦስት ግቦች ከ31 ዓመት በኋላ በሩን ከፈቱ።

ይሁን እንጂ ሹመት ብቻውን ሥርዓትን አይተካም። አሠልጣኙ በ2006 ዓ.ም. ከኃላፊነት ተነሡ፤ ቡድኑም ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለሰው በ2014 ዓ.ም. ነው። በአንድ ሰው ብቻ የታቀፈ ልምድ ከሰውየው ጋር ይሄዳል። ከይድነቃቸው ወደ መንግሥቱ እንደሆነው ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ግን የተቋም ሀብት ይሆናል። አንጋፋን የሚሾም ሁሉ ከአጠገቡ ተተኪውን አብሮ ሊያቆም ይገባዋል።