በአሜሪካ የግል ትምህርት ቤቶች ከትምህርት ክፍያ በተጨማሪ ልገሳ የሚጠይቁት ለምንድን ነው?

በአሜሪካ ልጆቻቸውን በግል ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወላጆች የዓመቱን የትምህርት ክፍያ ከፈጸሙ ከጥቂት ወራት በኋላ ከትምህርት ቤቱ ሌላ ደብዳቤ ይደርሳቸዋል። ደብዳቤው ቤተሰቡ በፈቃዱ ለትምህርት ቤቱ በገንዘብ እንዲለግስ የሚጠይቅ ነው። በኢትዮጵያ ከሚገኙ የግል ትምህርት ቤቶች ብዙዎቹ በባለሀብቶች የተቋቋሙና ከክፍያ በሚያገኙት ገቢ የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ ኅብረተሰቡ በገንዘብ፣ በጉልበትና በቁሳቁስ እንዲያግዝ የሚጠየቀው በአብዛኛው ለመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። በዚህም ምክንያት በአሜሪካ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ጥያቄውን እንደ ተጨማሪ ዕዳ፣ ወይም ሳይከፈል ቢቀር ልጁን ሊጎዳ እንደሚችል ግዴታ ሊረዱት ይችላሉ።

ይህ ጽሑፍ ልገሳው የሚጠየቅበትን ምክንያት፣ በሕግ ከትምህርት ክፍያ የሚለይበትን ነጥብና ወላጆች ሊወስዱት የሚገባውን ጥንቃቄ ያብራራል። በአጭሩ፣ ቤተሰቡን የሚያስገድደው የፈረመው የምዝገባ ውል ነው፤ የልገሳ ደብዳቤ በራሱ ግዴታ አይፈጥርም።

የትምህርት ቤቶቹ ምንነት

በአሜሪካ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 12ኛ ክፍል የሚሰጠው የመንግሥት ትምህርት ያለ ክፍያ ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1982 በሰጠው ውሳኔ መሠረት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ልጆችም ከዚህ አገልግሎት ሊከለከሉ አይችሉም። ስለዚህ የግል ትምህርት ቤት የወላጅ ምርጫ ነው። ወላጆች ይህን የመምረጥ መብት እንዳላቸው ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1925 አረጋግጧል።

ከግል ትምህርት ቤቶች መካከል በእንግሊዝኛ «ኢንዲፔንደንት ስኩል» የሚባሉት ራሳቸውን የቻሉ ተቋማት ናቸው። ስያሜው በአስተዳደር ነጻ መሆናቸውን እንጂ ያለ ክፍያ ማስተማራቸውን አያመለክትም። እያንዳንዱን ትምህርት ቤት የሚመራው የራሱ ባለአደራ ቦርድ ነው። አብዛኞቹ ለትርፍ ያልተቋቋሙ በመሆናቸው ከወጪያቸው የተረፈ ገንዘብ ቢኖር እንኳ ለባለቤት ወይም ለባለአክሲዮን አይከፋፈልም፤ ለዚያው ለትምህርት ቤቱ ሥራ ይውላል። በፌዴራሉ የግብር ሕግ አንቀጽ 501(ሐ)(3) መሠረት ከገቢ ግብር ነጻ ሲሆኑ፣ ይህን መብት ይዘው ለመቆየት ተማሪ ሲቀበሉም ሆነ የገንዘብ ድጋፍ ሲሰጡ በዘር ልዩነት ማድረግ አይችሉም። እ.ኤ.አ. በ1962 የተመሠረተውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ በዋሽንግተን ዲ.ሲ. የሚገኘው የእነዚህ ትምህርት ቤቶች ብሔራዊ ማኅበር ከ1,500 በላይ አባል ትምህርት ቤቶች አሉት።

ክፍያው ወጪውን የማይሸፍንበት ምክንያት

በብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች የትምህርት ክፍያው ለአንድ ተማሪ ከሚወጣው ሙሉ ወጪ ያነሰ ሆኖ ይወሰናል። ይህ የሚሆነው ቦርዱ በጀቱን ሲያጸድቅ አውቆ በሚወስደው ውሳኔ ነው። አሠራሩን ለመረዳት የሚከተለውን ግምታዊ ስሌት መመልከት ይጠቅማል።

400 ተማሪዎች ያሉት ትምህርት ቤት የዓመቱ ወጪ 12,000,000 ዶላር ቢሆን ለአንድ ተማሪ የሚወጣው 30,000 ዶላር ነው። ትምህርት ቤቱ በተማሪ 27,000 ዶላር ቢያስከፍል የሚሰበስበው 10,800,000 ዶላር ይሆናል። አቅም ለሌላቸው ቤተሰቦች 1,000,000 ዶላር ቢቀንስ በእጁ የሚቀረው 9,800,000 ዶላር ነው። ስለዚህ 2,200,000 ዶላር ይጎድለዋል። ካለው ቋሚ ጥሪት 900,000 ዶላር፣ ከክረምት ትምህርትና ከአዳራሽ ኪራይ 500,000 ዶላር ቢያገኝ እንኳ 800,000 ዶላር ይቀረዋል። በልገሳ ደብዳቤው የሚፈለገው ይህ ቀሪ ነው።

ከወጪው ከፍተኛውን ድርሻ የሚይዘው የመምህራንና የሠራተኞች ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም ነው። የኢኮኖሚ ምሁሩ ዊሊያም ባውሞል ከዊሊያም ቦወን ጋር እ.ኤ.አ. በ1966 እንዳስረዱት፣ በፋብሪካ ማሽን የአንዱን ሠራተኛ ምርት ሲያሳድግ የሰው ጊዜና ትኩረት በሚጠይቁ ሥራዎች ግን ምርታማነት በዚያ ፍጥነት አያድግም። ደመወዝ ግን በሁሉም መስክ አብሮ ይጨምራል። አንድ መምህር ዛሬም በአንድ ክፍለ ጊዜ በሚገባ ሊከታተላቸው የሚችላቸው ተማሪዎች ቁጥር ከቀድሞው ብዙም አልተለየም። የተማሪ ቁጥር በክፍል አነስተኛ እንዲሆን የሚያደርጉ ትምህርት ቤቶች ይህ የወጪ ጫና ይበልጥ ይሰማቸዋል።

ክፍያውን በቀጥታ ስለማይጨምሩበት ምክንያት

ጉድለቱ የታወቀ ከሆነ ክፍያው ለምን አይጨመርም የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ትምህርት ቤቶች የሚከተሉትን ምክንያቶች ያቀርባሉ።

አንደኛ፣ የክፍያ ጭማሪ ባለጸጋውንም መካከለኛ ገቢ ያለውንም እኩል ይነካል። ልገሳ ግን የተሻለ አቅም ያለው ብዙ፣ ሌላው እንደ አቅሙ እንዲሰጥ ያስችላል። ሁለተኛ፣ ክፍያ በጨመረ ቁጥር የገንዘብ ድጋፍ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ይበዛሉ፤ ስለዚህ ከጭማሪው የተወሰነው በድጋፍ መልክ ተመልሶ ይወጣል። ሦስተኛ፣ ክፍያ የሚከፍሉት የወቅቱ ወላጆች ብቻ ሲሆኑ ልገሳ ከቀድሞ ተማሪዎች፣ ከአያቶችና ከበጎ አድራጊ ድርጅቶችም ይገኛል። አራተኛ፣ ልገሳ በሕግ የተወሰነ የግብር ጥቅም አለው፤ የልጅ የትምህርት ክፍያ ግን በፌዴራል ደረጃ እንደ ልገሳ አይቀነስም።

የልገሳ ዓይነቶች

ለወላጆች የሚደርሱት ጥያቄዎች በአብዛኛው በሦስት ይከፈላሉ።

*ዓመታዊ ልገሳ።* በተለምዶ «አኒዋል ፈንድ» የሚባለው ሲሆን ለዚያው ዓመት መደበኛ ወጪ ይውላል። የብዙ ትምህርት ቤቶች የበጀት ዓመት ከጁላይ 1 እስከ ጁን 30 በመሆኑ ጥያቄው በመጸው ወራት ይጀምራል፤ የግብር ዓመቱ በሚዘጋበት በዲሴምበር ይበረታል። አሠራሩ ከዩኒቨርሲቲዎች የተወሰደ ነው፤ የዬል ዩኒቨርሲቲ የቀድሞ ተማሪዎች ፈንድ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1890 ነበር።

*የግንባታ ዘመቻ።* «ካፒታል ካምፔይን» የሚባለው ለሕንፃ፣ ለቤተ ሙከራ ወይም ለስፖርት ሜዳ የሚሰበሰብ ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ዓመታትን ነው።

*ቋሚ ጥሪት።* «ኢንዶውመንት» የሚባለው ዋናው ገንዘብ ሳይነካ በኢንቨስትመንት የሚቀመጥ ሀብት ነው። ትምህርት ቤቶች በተለምዶ በዓመት ከዋጋው ከ4 እስከ 5 በመቶ የሚሆነውን ብቻ ለሥራ ማስኬጃ ያወጣሉ። ስለዚህ 20,000,000 ዶላር ጥሪት ያለው ትምህርት ቤት በዓመት ከዚያ የሚያገኘው ከ800,000 እስከ 1,000,000 ዶላር ነው። ለጋሹ ለተወሰነ ዓላማ ብቻ እንዲውል ያዘዘው ገንዘብም ለሌላ ወጪ በቀላሉ አይዛወርም።

በደብዳቤዎቹ ላይ ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የለገሱ ቤተሰቦች ብዛት ጎልቶ ሊጠቀስ ይችላል። ትምህርት ቤቶች ከፍተኛ የወላጆችን ተሳትፎ ወላጆች በተቋሙ ላይ እምነት እንዳላቸው ማሳያ አድርገው ለትልልቅ ለጋሾች ያቀርቡታል። በዚህ አቆጣጠር 10 ዶላር የሰጠ ቤተሰብና 10,000 ዶላር የሰጠ ቤተሰብ እኩል ይቆጠራሉ።

በሕግ ፊት የልገሳና የክፍያ ልዩነት

በአማርኛ መዋጮና ልገሳ አንድ አይደሉም። መዋጮ እንደ እድር ባሉ ማኅበራት አባላት ተስማምተው በየድርሻቸው የሚከፍሉት ሲሆን ልገሳ በሰጪው ፈቃድ ብቻ የሚሰጥ ነው። የአሜሪካ የግብር ሕግም ተመሳሳይ ልዩነት ያደርጋል። የፌዴራሉ የገቢዎች አገልግሎት (አይ.አር.ኤስ.) እ.ኤ.አ. በ1983 ባወጣው የውሳኔ ማብራሪያ ቁጥር 83-104 መሠረት፣ ወላጅ ገንዘቡን ካልሰጠ ልጁ ትምህርት ቤቱ ውስጥ የማይቀጥል ከሆነ፣ ወይም ገንዘቡ የትምህርት ክፍያን የሚተካ ከሆነ፣ ወይም ለራሱ ልጅ ጥቅም ብቻ ተለይቶ ከተሰጠ፣ ስሙ ልገሳ ቢባልም ለግብር ዓላማ እንደ ልገሳ አይቆጠርም።

በሌላ አነጋገር፣ አንድ ትምህርት ቤት ስጦታውን አስገዳጅ ካደረገው ለለጋሹ ቃል የሚገባውን የግብር ጥቅም ያጣዋል። የልገሳው ፈቃደኝነት የሥነ ምግባር ጉዳይ ብቻ ሳይሆን አሠራሩ የቆመበት ሕጋዊ መሠረት ነው።

ለእውነተኛ ልገሳ የሚሠሩት ዋና ዋና ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

- በአንድ ጊዜ 250 ዶላርና ከዚያ በላይ የለገሰ ሰው ተቀናሽ ለመጠየቅ ከትምህርት ቤቱ የጽሑፍ ማረጋገጫ ሊኖረው ይገባል።
- ለለጋሹ በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት ከተሰጠ ተቀናሽ የሚሆነው ትርፉ ብቻ ነው። ለምሳሌ 200 ዶላር ለተከፈለበት የእራት ግብዣ የእራቱ ዋጋ 80 ዶላር ከሆነ ልገሳው 120 ዶላር ነው። ክፍያው ከ75 ዶላር በላይ ሲሆን ትምህርት ቤቱ ይህን ልዩነት በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ አለበት።
- መደበኛ ተቀናሽ የሚጠቀሙ ግብር ከፋዮች በ2025 የግብር ዓመት ከልገሳ የግብር ቅናሽ አያገኙም ነበር። ከ2026 የግብር ዓመት ጀምሮ ግን ለብቻው የሚያስታውቅ እስከ 1,000 ዶላር፣ በጋራ የሚያስታውቁ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር በገንዘብ የተሰጠ ልገሳ መቀነስ ይችላሉ።

በአሠራሩ ላይ የሚነሱ ጥያቄዎች

አሠራሩ ተቺዎችም አሉት። ጉድለቱ የሚወሰነው ትምህርት ቤቱ ራሱ በሚያቅደው ወጪ በመሆኑ ሰፊ ሜዳ ወይም አዲስ ሕንፃ የመረጠ ተቋም ጉድለቱንም አብሮ መርጧል ይላሉ። ከፍተኛ ጥሪት ያላቸው ትምህርት ቤቶችም ልገሳ መጠየቃቸው ጥያቄ ያስነሳል። ለልገሳ የሚሰጠው የግብር ቅናሽ መንግሥት የሚተወው ገቢ በመሆኑ፣ ልጃቸው በዚያ የማይማር ዜጎችም በተዘዋዋሪ መንገድ ይካፈሉታል። ሙሉውን ክፍያ መክፈል የከበደው ወላጅ ደግሞ ስሙ ከለጋሾች ዝርዝር ውስጥ ባይገኝ ሊሸማቀቅ ይችላል። በዓመታዊ ዘገባቸው የለጋሾችን ስም የሚያትሙ ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው፤ ሆኖም ስሙ እንዳይገለጽ የሚፈልግ ለጋሽ ይህንኑ ማሳወቅ ይችላል።

በሌላ በኩል፣ የገንዘብ ድጋፍ የሚያገኙ ተማሪዎች መቀመጫ በከፊል በእነዚሁ ልገሳዎች ሊሸፈን ይችላል። ስለዚህ ድጋፍ የሚቀበል ቤተሰብ ደብዳቤው ሲደርሰው ድጋፉ እንዲመለስ እንደተጠየቀ አድርጎ ሊወስደው አይገባም። ደብዳቤው ለሁሉም ቤተሰብ በአንድነት የሚላክ ነው።

ለወላጆች የሚሰጥ ምክር

1. ልጁን ከማስመዝገብ በፊት የምዝገባ ውሉን በጥንቃቄ ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙ ውሎች ልጁ በዓመቱ አጋማሽ ቢለቅ እንኳ የሙሉ ዓመቱን ክፍያ ያስከፍላሉ። የመጽሐፍ፣ የትራንስፖርትና የምሳ ክፍያዎች በውሉ ውስጥ ካሉ ግዴታ ናቸው።
2. የደረሰው ወረቀት የክፍያ ማስታወቂያ ነው ወይስ የልገሳ ጥያቄ የሚለውን መለየት ይገባል። ግልጽ ካልሆነ የትምህርት ቤቱን የሒሳብ ክፍል በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል።
3. ክፍያው ከአቅም በላይ ከሆነ የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻ በወቅቱ ማቅረብ ይገባል። የማመልከቻው ጊዜ ብዙ ጊዜ ከትምህርት ዘመኑ መጀመሪያ ወራት ቀድሞ ያበቃል።
4. ወደፊት ለመስጠት ቃል የሚያስገባ ቅጽ ከመፈረም በፊት የቤተሰቡን ገቢ ማገናዘብ ተገቢ ነው። ያልተቻለውን ቃል ከመግባት ትንሽ ሰጥቶ ማብቃት ወይም በትህትና አለመስጠት ይሻላል።
5. የገንዘቡን አጠቃቀም ማወቅ የሚፈልግ ወላጅ የተቋሙን «ቅጽ 990» የተባለ ዓመታዊ መግለጫ መመልከት ይችላል። ይህን ቅጽ የማቅረብ ግዴታ ያለባቸው ድርጅቶች ያለፉትን ሦስት ዓመታት መግለጫ ለጠየቀ ሁሉ ማሳየት አለባቸው። በአብያተ ክርስቲያናት ሥር ያሉ ትምህርት ቤቶች ቅጹን ላያቀርቡ ይችላሉ።
6. አሠሪ ድርጅቱ ሠራተኞቹ በሚለግሱት ልክ የሚጨምር መሆኑን መጠየቅ ይጠቅማል፤ በዚህ መንገድ አነስተኛ ልገሳ እጥፍ ሊሆን ይችላል።
7. ገንዘብ መስጠት የማይችል ቤተሰብ በጊዜውና በሙያው ማገልገል ይችላል። ለበጎ ፈቃድ አገልግሎት የዋለ ጊዜ ግን ለግብር እንደ ልገሳ አይቀነስም።
8. ልገሳ ባለመሰጠቱ ምክንያት ልጁ ከትምህርት እንደሚታገድ የተነገረው ወላጅ ይህ በጽሑፍ እንዲገለጽለት መጠየቅና ከውሉ ጋር ማመሳከር ይኖርበታል።

የግብር ሁኔታ ከቤተሰብ ቤተሰብ የሚለያይ በመሆኑ፣ ተቀናሽ ለመጠየቅ ያሰቡ ወላጆች ማረጋገጫ ሰነዶቻቸውን ይዘው ፈቃድ ያለው የግብር ባለሙያ እንዲያማክሩ ይመከራል።