ጧሪ በፊርማ፣ ቀባሪ በእድር፦ ወላጅን ወደ አሜሪካ የመውሰድ ታሪክ

ፉሪ ውስጥ «ልጇ ልትወስዳት ነው» ከተባለ ሰፈሩ «ወዴት?» ብሎ አይጠይቅም። አሜሪካ ነው፤ ያውም ለሦስት ወር ጥየቃ ሳይሆን በቋሚ ነዋሪነት። በሰበታም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ነገሩ የሚወራው እንደ ልጅ ውለታ ነው። ከውለታው ጀርባ ግን የስድሳ ዓመት ዕድሜ ያለው ሕግ አለ። ሕጉን ያረቀቁት ሰዎች ደግሞ የፉሪን እናት በፍጹም አላሰቧትም ነበር።

ታሪኩ ከኮታ ይጀምራል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1924 ባወጣችው ሕግ ከየአገሩ በዓመት የሚገባውን ሰው ቁጥር ወሰነች። በዚህ ሥርዓት ለብሪታንያ ከ65 ሺህ በላይ ቦታ ሲሰጥ ለኢትዮጵያ የደረሳት ዝቅተኛው ኮታ ነበር፤ 100 ሰው። በዚያ ዘመን ወደ አሜሪካ የሚሄዱት ኢትዮጵያውያን በአብዛኛው ተምረው የሚመለሱ ጥቂት ወጣቶች ስለነበሩ፣ ወላጅን ወስዶ እዚያ የማኖር ጥያቄ ብዙም አይነሳም ነበር።

ኮታው የተሻረው ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 3 ቀን 1965 በነጻነት ሐውልት ሥር በፈረሙት ሕግ ነው። ሕጉ ሲረቀቅ ማይክል ፊጋን የተባሉ የምክር ቤት አባል ከሙያ ይልቅ ዝምድና ይቅደም ብለው አጥብቀው ተከራከሩ። ስሌቱ ግልጽ ነበር፦ አሜሪካ ውስጥ ያለው ሰው በአብዛኛው አውሮፓዊ ዘር ስለሆነ፣ የሚጠራው ዘመድም አውሮፓዊ ይሆናል። ዕድሜው 21 የሞላ ዜጋ ወላጆቹን ያለ ቁጥር ገደብ እንዲያስመጣ የተፈቀደው በዚሁ ሕግ ነው። ወላጅ ከሚስት፣ ከባልና ከትንሽ ልጅ እኩል «የቅርብ ዘመድ» ተባለ።

ስሌቱ አልሠራም። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ ቀይ ሽብር ተከተለ፤ ብዙ ወጣት በሱዳን በኩል ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1980 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት የስደተኞች ሕግ ለእነዚህ ወጣቶች በር ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ሌላ ሕግ ደግሞ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀውን ዲቪ ወለደ። በስደትም ገባ በዕጣ፣ ቀጣዩ መንገድ አንድ ነው፦ ግሪን ካርድ፣ የአምስት ዓመት ቆይታ፣ ዜግነት፣ ከዚያ ለወላጅ ማመልከቻ። ልብ በሉ፤ ግሪን ካርድ ብቻ የያዘ ልጅ እናቱን መውሰድ አይችልም፤ ዜጋ መሆን አለበት። በደርግ ጊዜ ደግሞ የመውጫ ቪዛው ራሱ ፈተና ነበር። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተው በር ለኢትዮጵያውያን ወላጆች በሰፊው ያገለገለው ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ነው።

ልጁ ዜጋ ሲሆን ደግሞ የወረቀት ጣጣው ይጀምራል። ኤምባሲው የልጁን የልደት ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም መዝገቡ ለአሥርት ዓመታት ሥራ ላይ አልዋለም። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ በመላ አገሪቱ ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ1960ዎቹ የተወለደ ሰው የልደት ወረቀቱን የሚያወጣው ጎልምሶ፣ ብዙውን ጊዜ በምስክር ቃል ነው። ፉሪ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። አካባቢው በሰበታ ሥር ቆይቶ በ2015 ዓ.ም. የሸገር ከተማ ሲመሠረት ክፍለ ከተማ ሆኗል፤ የቆየው ወረቀት ሰበታ ይላል፣ አዲሱ ሸገር ይላል። በዚያ ላይ እናት የራሷን አባት ስም ትይዛለች፣ ልጅ የአባቱን። የቤተሰብ ስም ለለመደ የውጭ አገር መርማሪ ይህ ግር ሊለው ይችላል። ወረቀቱ ካላሳመነ የዲኤንኤ ምርመራ ይመጣል፦ የወለደችውን ልጅ መውለዷን በምራቅ ታረጋግጣለች።

ትልቁ ለውጥ ግን እ.ኤ.አ. በ1996 በፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተን ዘመን የወጣው ሕግ ነው። ከእ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1997 ጀምሮ ወላጁን የሚያስመጣ ልጅ በፍርድ ቤት የሚያስጠይቅ ውል ይፈርማል። ገቢው ለቤተሰቡ ቁጥር ከተቀመጠው የድህነት ወለል ቢያንስ 125 በመቶ መሆን አለበት፤ ካልሞላ ሌላ ዋስ አብሮት ይፈርማል። ግዴታው የሚያበቃው ወላጁ ዜጋ ሲሆን፣ አሥር ዓመት ያህል የሥራ ዘመን ሲቆጠርለት፣ አገሩን ለቆ ነዋሪነቱ ሲያበቃ ወይም ሲሞት ነው።

አበሻ ሲመርቅ «ጧሪ ቀባሪ አያሳጣሽ» ይላል። ሁለቱ አብረው የሚሄዱ ናቸው። ገበሬና ነጋዴ ጡረታ በማያገኝበት አገር የወላጅ ጡረታ ልጅ ነው። የአሜሪካ ሕግ ከምርቃቱ ግማሹን ወስዶ ውል አደረገው፤ ጧሪውን አስፈረመ። ቀባሪው ግን ፉሪ ቀረ። ቀባሪ እድሩ ነው፣ ሠላሳ ዓመት ያዋጡበት ድንኳንና ወንበር ነው፣ በለቅሶ ቀን ሳይጠራ የሚመጣው ጎረቤት ነው። እሱን በየትኛውም ፎርም መውሰድ አይቻልም።

ሁለቱንም ለመያዝ መመላለስም ቀላል አይደለም። ግሪን ካርድ የያዘ ሰው ያለ ልዩ ፈቃድ ከአሜሪካ ውጭ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ከቆየ ነዋሪነቱን እንደተወ ሊቆጠር ይችላል። ዜግነት ወስዶ መገላገልም ለአዛውንት ከባድ ነው። ከእንግሊዝኛ ፈተና በዕድሜ ነጻ ለመሆን 55 ዓመት የሞላው ሰው 15 ዓመት በግሪን ካርድ መኖር አለበት። በ65 ዓመቷ የሄደች እናት ይህ የሚደርሳት በ80 ዓመቷ ነው።

በሩም ቢሆን ለዘላለም የተከፈተ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 ሴናተሮቹ ቶም ኮተንና ዴቪድ ፐርዱ ወላጆች ከግሪን ካርድ ይልቅ መሥራት የማይፈቅድ ጊዜያዊ ቪዛ እንዲያገኙ ሐሳብ አቀረቡ፤ አልጸደቀም። በኮሮና ወቅት፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2020፣ ፕሬዚዳንት ትራምፕ ስደተኛ ቪዛ ሲያግዱ የዜጋ ሚስት፣ ባልና ትንሽ ልጅ ከእገዳው ነጻ ተደረጉ። ወላጅ ግን ነጻ አልተደረገም። እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ መስመር የተሰለፉት ተለያዩ፤ እገዳው እስከ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 2021 ቆየ። የፕሬዚዳንቱ ባለቤት የሜላኒያ ወላጆች ግን ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብለው፣ በልጃቸው አስመጪነት ያገኙትን ግሪን ካርድ ወደ ዜግነት ቀይረው ነበር።

ይህን ሁሉ ከዋሽንግተን ሆኖ የሚወስን አለ። ከቤት የሚወሰነው ግን አንድ ነገር ነው። የመጀመሪያው ማመልከቻ ላይ የሚፈርመው ልጅ ብቻ ነው፤ የእናት ፊርማ አይጠየቅበትም። ብዙ ልጆች ዜግነት ባገኙ ማግስት ፎርሙን የሚሞሉት ከፍቅር ነው፤ እናትም ልጇን ላለማስቀየም እሺ ትላለች። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ግን ፎርሙ ላይ ያልሰፈረው ጥያቄ ነው፦ «እማዬ፣ መጦርሽ የት ይሁን? መቀበርሽስ?» ለሁለቱ የምትሰጠው መልስ የተለያየ አገር ከሆነ፣ ከመፈረም በፊት ቁጭ ብሎ መነጋገር ይሻላል።