በጫሞ ሐይቅ ንዑስ ተፋሰስ የመስኖ ውኃ አጠቃቀም፦ ቅድሚያ፣ ፈቃድና የተጠቃሚዎች ኃላፊነት

ጫሞ ሐይቅ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ተፋሰስ፣ ከአርባ ምንጭ ከተማ በስተደቡብ ይገኛል። ከጋሞ ደጋማ ቦታዎች የሚነሱት ኩልፎ፣ ሲሌና ሰጎ ወንዞች ወደ ሐይቁ ይገባሉ፤ አባያ ሐይቅ ሲሞላም ትርፉ ውኃ በኩልፎ በኩል ወደ ጫሞ ይፈስሳል። ወንዞቹ ሐይቁ ከመድረሳቸው በፊት በቆላው ሜዳ የሙዝ፣ የማንጎ፣ የበቆሎና የጥጥ ማሳዎችን ያጠጣሉ።

ሙዝ ዓመቱን ሙሉ ውኃ የሚፈልግ በመሆኑ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት የመስኖ ፍላጎት የሚጨምረው የወንዞቹ ፍሰት በሚቀንስበት ጊዜ ነው። በዚህ ወቅት ከላይ ከመጠን በላይ የተጠለፈ ውኃ ከታች ያለውን አርሶ አደር ሰብል ያሳጣል፤ ወደ ሐይቁ የሚገባውን ፍሰት በመቀነስም ዓሣ አስጋሪውን ይጎዳል።

ቅድሚያ የሚሰጠው ለማን ነው?
በኢትዮጵያ የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 መሠረት ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውኃ ከማናቸውም ሌላ አጠቃቀም ይቀድማል።

ፈቃድ የማያስፈልገው ለየትኛው አጠቃቀም ነው?
በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ፣ ለባህላዊ መስኖ፣ ለባህላዊ ከብት እርባታና ለውኃ ወፍጮ ፈቃድ አይጠየቅም።

ፈቃድ የሚያስፈልገውስ?
የውኃ ሥራ ግንባታ ለማካሄድ፣ ከተጠቀሱት ውጪ ውኃ ለራስ ወይም ለሌላ ለማቅረብ እንዲሁም ፍሳሽ ወደ ውኃ አካል ለመልቀቅ አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት ግዴታ ነው። አመልካቾች የውኃውን ምንጭ፣ የሚጠለፍበትን ቦታ፣ መጠኑንና ዓላማውን በግልጽ ቢያሳዩ ጥያቄያቸውን ለመመርመር ያግዛል።

የጋራ ቦይ የሚጠቀሙ አርሶ አደሮች
የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ተጠቃሚዎች በማኅበር ተደራጅተው ውኃውን እንዲያከፋፍሉና ቦዩን እንዲጠግኑ ያስችላል። የውኃ ተራ መርሐ ግብር ከበጋው በፊት ቢወሰንና በቦዩ መጨረሻ ያሉ አባላት በውሳኔው ቢሳተፉ አለመግባባትን ይቀንሳል።

ከተጠቃሚዎች የሚጠበቅ
• የተመደበን ተራና መጠን ማክበር፤
• በሌሊት ያለተራ ውኃ አለመጥለፍ፤
• ቦይን ከደለል ማጽዳት፤
• በደጋው እርከን መሥራት፣ በወንዝ ዳርቻ አለማረስ። ከተራቆተ መሬት የሚታጠበው አፈር ቦዮችን ይደፍናል፣ በሐይቁም ይከማቻል።

ተራው የተዛባበት ወይም ያለፈቃድ የተሠራ ጠለፋ የጎዳው ተጠቃሚ ጉዳዩን በቅድሚያ ለማኅበሩ፣ መፍትሔ ካላገኘ በወረዳው ለሚገኘው የውኃ ዘርፍ ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ እንዲያቀርብ ይመከራል።