የአማርኛ ፊደል ከኮምፒዩተር ወደ ኮምፒዩተር

በጨርጨር ተራሮች ግርጌ፣ በሚኤሶ በኩል፣ በልዩ ልዩ ዘመን የተዘረጉ ሁለት የምድር ባቡር መሥመሮች ያልፋሉ፤ አንደኛው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው፣ ስፋቱ 1 ሜትር የሆነው ሐዲድ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ2016 የተመረቀው፣ ስፋቱ 1,435 ሚሊ ሜትር የሆነው የኤሌክትሪክ ባቡር ሐዲድ ነው፤ ለአንዱ ስፋት የተሠራ ፉርጎም በሌላው ላይ ሊሄድ አይችልም። የአማርኛ ጽሕፈት ወደ ኮምፒዩተር በገባበት ዘመን ያገኘው መሰናክል ይህንኑ ይመስል ነበርና፣ ታሪኩን ከጭሮ፣ ከቀድሞዋ አሰበ ተፈሪ፣ ሆኖ መመርመር ይገባል።

ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1920ዎቹ ጨርጨርን በአዲስ የአስተዳደር ሥርዓት ሲገዙ፣ ከአሰበ ተፈሪ የወጣን ደብዳቤ ፊደል የቆጠረ ሁሉ የትም ሆኖ ያነበው ነበር። ኮምፒዩተር ግን ፊደልን የሚያውቀው በተሰጠው ቁጥር ብቻ ነው፤ የ1980ዎቹ ማሽኖች የቁጥር ሰንጠረዥም ከ256 ቦታ አያልፍም ነበር፤ ከዚያም ገሚሱ ለላቲን የተያዘ ነው። የእኛ 33 ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ሆነው፣ ዲቃሎቹ፣ 20ው የግእዝ አኃዝና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩ፣ በቀረው ቦታ ሊገቡ አልቻሉም። ስለዚህ ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ «ዳሸን» የተባለውን ፕሮግራም ካዘጋጁበት ጊዜ አንሥቶ፣ ኋላም «ቪዥዋል ግእዝ» እና «ፓወር ግእዝ» በየጽሕፈት ቤቱ ሲሠራባቸው፣ እያንዳንዱ አዘጋጅ ለፊደሎቹ በራሱ ፈቃድ ቁጥር ሰጠ፤ አንዳንዱ ፊደሉን በብዙ ፎንት ከፋፈለው፤ ሌላውም ፊደልን ከቁራጭ ምልክት ገጣጠመ።

ከዚህም የተነሣ ለዊንዶውስ የተሰናዳው የፊደል ፕሮግራም መጫኛ በማኪንቶሽና በሊኑክስ ላይ የማይሠራ መሆኑ ሳይበቃ፣ በዊንዶውስ ውስጥ እንኳ፣ በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ማመልከቻ ያው ፕሮግራም ባልተጫነበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላትና የምልክቶች ትርምስ ሆኖ ይታይ ነበር።

በዚህ ነገር ጭሮ የምትገኝባት ምዕራብ ሐረርጌ ከሌላው አገር ይልቅ ጥሩ ምስክር ናት። ከ1991 ወዲህ በኦሮሚያ የመንግሥት ሥራ የሚከናወንበት አፋን ኦሮሞ በቁቤ፣ ማለት በላቲን ፊደል፣ ስለሚጻፍ፣ አንዳች ተጨማሪ ፕሮግራም ሳይሻ በጭሮ የተጻፈው በበደሳም በገለምሶም እንዳለ ይነበባል፤ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የተጻፈው የአማርኛ ጽሑፍ ግን ያለ መጫኛው የትም አይደርስም ነበር። ብዙ ሰው ምክንያቱን በፊደላችን ብዛት ብቻ ሲያመካኝ እሰማለሁ፤ እኔ ግን ይህን አልቀበልም፤ ላቲን ከ1963 ጀምሮ «አስኪ» የተባለ የጋራ የቁጥር ሰንጠረዥ ነበረው፤ የእኛ ፊደል አልነበረውም። እነ ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ «ሴራ» በተባለው ሥርዓት አማርኛን በላቲን ፊደል መስለው በኢሜይል ማስተላለፋቸው የዚያን ጊዜ ጭንቀት ምን ያህል እንደ ነበረ ያሳያል።

መፍትሔው ከመጫኛ ሠሪዎች ሳይሆን ከቁጥሩ ስምምነት መጣ። በ1999 የወጣው የዩኒኮድ 3.0 ድንጋጌ ለእያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል በዓለም ሁሉ የታወቀ አንድ ቁጥር ሰጠው፤ ከዚያ በኋላ በ2007 ለገበያ የቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ «ኒያላ»ን፣ በ2009 የወጣው የማኪንቶሽ ሥርዓት «ከፋ»ን ይዘው በመምጣታቸው፣ ፊደሉን ለማንበብ ብቻ መጫኛ መፈለግ ቀረ። ለመጻፍም ቢሆን፣ በነፃ የሚገኘው ኪይማን የተባለው ፕሮግራም አንድ ጊዜ የተሰናዳውን የፊደል ገበታ በዊንዶውስ፣ በማኪንቶሽ፣ በሊኑክስና በስልክ ላይ ያሠራል።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት የተጻፈው ነው። በአሮጌ ኮምፒዩተሮችና በዲስኬት የቀረው የሁለት ዐሥርት ዓመታት ጽሑፍ፣ ውሉ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የሰበካ ጉባኤው መዝገብ፣ ወደ ዩኒኮድ ካልተለወጠ በቀር ዛሬ አይነበብም፤ መለወጫውም ለእያንዳንዱ ፕሮግራም የየራሱን የቁጥር ሰንጠረዥ ይፈልጋልና፣ ሰንጠረዦቹን ያወጡት ባለሙያዎች በሕይወት ሳሉ በአንድነት ተሰብስበው በብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሊቀመጡ ይገባል።