ፈረንጅ ዶሮ መታቀፍን እንዴት ረሳች?

በበዓል ሰሞን ሾላ ገበያ ብትሄዱ፣ «የሐበሻ ነው የፈረንጅ?» የሚል ጥያቄ መስማታችሁ አይቀርም። የሐበሻዋን በመልኳ እንጠራታለን፦ ቀይ፣ ነጭ፣ ጥቁር፣ ገብስማ፤ አንገቷ ላባ ከሌለው ደግሞ መላጣ። ግን ቀይ ላባ ሮድ አይላንድ ሬድ የተባለችው የፈረንጅ ዶሮም አላት። ስለዚህ ቀለም ብቻውን አይበቃም። ትልቁ ልዩነት የሚታየው እንቁላል ከጣሉ በኋላ ነው፤ አንዷ ትታቀፋለች፣ ሌላዋ ጥላው ትሄዳለች።

ይሄ ልዩነት ከየት መጣ? የዶሮ ቅድመ አያት የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የጫካ ዶሮ ናት። ወደኛ የመጣችው ግን ጥንት ነው። ትግራይ ውስጥ መዝበር በተባለ ቦታ የተቆፈሩ የዶሮ አጥንቶች ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበሩ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ከ2,000 በላይ ዓመታት በየመንደሩ ማሽን አልነበረም። ያልታቀፈች ዶሮ ዘር አልተካችም።

መታቀፍ ግን ዋጋ ያስከፍላል። የዶሮዋ ሰውነት ውስጥ ፕሮላክቲን የተባለ ሆርሞን ሲጨምር እንቁላል መጣል ታቆማለች። 21 ቀን ሙሉ ታሞቃለች፤ ጽንሱ ከቅርፊቱ ጋር እንዳይጣበቅ እንቁላሉን በመንቁሯ ታገላብጣለች። እስቲ ደምሩት፦ ሦስት ሳምንት ገደማ መጣል፣ ሦስት ሳምንት መታቀፍ፣ ሁለት ወር ገደማ ጫጩት ማሳደግ። በዓመት ሦስት ዙር ቢሆን ነው። በየዙሩ ከ12 እስከ 18 ብትጥል በዓመት ከ36 እስከ 54 እንቁላል ይሆናል። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ጊዜዋ የሚያልፈው በእናትነት ነው።

እናቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። እንቁላል ሲፈልጉ መታቀፍ ያማራትን ዶሮ ጎረቤት ወስደው ያሳድሯታል፣ ወይም በአፍንጫዋ ላባ ያሳልፉባታል።

አውሮፓና አሜሪካ ሌላ መንገድ ያዙ። ማሽን መፈልፈል ሲጀምር፣ ሳያቋርጡ የሚጥሉትን እየመረጡ አራቡ። ነጭ ሌግሆርን መታቀፍን የረሳችው እንዲህ ነው። በጥሩ አያያዝ በዓመት ከ200 በላይ ትጥላለች። እሷና ሮድ አይላንድ ሬድ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በጅማና በአለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች በኩል አገራችን ገቡ። ታዲያ መብራት በሌለበት መንደር ጭልፊት ወይም ፈንግል ሲጨርሳቸው ማን ይተካቸው? መላው ቀላል ነበር፦ የፈረንጁን እንቁላል ለሐበሻዋ ማስታቀፍ። የማን እንቁላል እንደሆነ አትጠይቅም።

ዛሬ ጉርድ ሾላ በሚገኘው ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋምና በቢሾፍቱው የምርምር ማዕከል ዝርያ የማሻሻሉ ሥራ ቀጥሏል። ቢሾፍቱ ላይ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የሆሮ ዶሮ ብዙ እንድትጥል በምርጫ እየተራባች ነው። ጥያቄው ግን አለ፦ እንቁላሉን ስናበዛ መታቀፏንስ? ቦሌ ያለ ሰው ጫጩት ይገዛል። ገጠር ላለች እናት ግን የታቀፈች ዶሮ መፈልፈያዋም፣ ማሞቂያዋም፣ የጫጩቶቿ ጠባቂም ናት። እንቁላል ብቻ ከቆጠርን ይህን ሁሉ ሥራ ሳንቆጥረው እናጣዋለን።